ሽማግሌ የሌለው አፍቃሪ

ፍቅር የያዘው ሰው እግሩን አስሮ ቤት ሊውል ይችላል፤ አፉንም ሊለጉም ይችላል፤ ፊቱን ግን ምን ያደርገዋል? በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ብርቅነሽ ወልደሥላሴን የጨነቃት ይኸው ነበር። የምትማረው ሙያ ደግሞ ፊትን መያዝ የሚጠይቅ ሆኖ ዐረፈው።

ብርቅነሽ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷ ስሙ ረጅም ነው፤ የእርጅና ኤፒዴሚዮሎጂ ይባላል። ሲያሳጥሩት ሰው ሲያረጅ ምን እንደሚይዘው፣ የትኛውን ሰፈር ከየትኛው አብልጦ እንደሚይዘውና ለምን እንደሚይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅና መለካት ነው። አባቷ አቶ ወልደሥላሴ ዐማራት ሰፈር ውስጥ የቅመማ ቅመም መደብር ያላቸው የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። ለሰው ሁሉ "ልጄ ሐኪም ናት" ይላሉ። ስታርማቸው "ያው ነው፤ ሽማግሌ ታክሚያለሽ" ብለው ያልፏታል።

ጥናቷ ካርቱም ውስጥ ያረጁ ሐበሾችን የሚመለከት ነበርና እዚያ ላይ ዐማርኛዋ አሳፈራት። ባለፈው ክረምት ከድልድዩ ማዶ፣ ኦምዱርማን ውስጥ አባባ ገብረየስ የሚባሉ አዛውንት ቤት ገብታ "ጉልበቴ ከድቶኛል" ቢሏት፣ ብዕሯን አንሥታ "ማን ነው የከዳዎት? ዘመድ ነው?" ብላ ጠየቀች። የጎረቤቱን ግድግዳ የሚቀባ አንድ ልጅ መሰላል ላይ እንዳለ በሳቅ ፈረሰ። ብርቅነሽ ተናዳ ወጣች። በማግስቱ ግን ተመልሳ መሰላሉ ሥር ቆማ፣ ሽማግሌው ምን ማለታቸው እንደነበረ እንዲያስረዳት ለመነችው። ልጁ ጀምበሬ ነበር።

ጀምበሬ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አባቱ ሲሞትበት ያቋረጠ ነው። ሊቢያን አልፎ ባሕር ሊሻገር ካርቱም ላይ ያረፈ፣ እስከዚያው በቀን ሥራ የሚያድር መንገደኛ። የብርቅነሽ አስተማሪ ዶክተር ኦመር ሽማግሌዎቹን እንዴት እንደሚያናግር አይተው ለጥናቱ ጠያቂ አድርገው ቀጠሩት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሃፍላ፣ በዚያች በምትንገጫገጭ አውቶቡስ፣ ድልድዩን አብረው ሲሻገሩ ከረሙ። ፍቅሩ የትኛው ጉዞ ላይ እንደገባ ሁለቱም አያውቁትም። አቶ ወልደሥላሴ ግን አንድ ቀን መደብሩ በር ድረስ ሲሸኛት አይተው፣ "ከመንገደኛ ጋር ልብ አይጣልም" አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

ከጥምቀት ማግስት፣ ከቃና ዘገሊላ ወዲህ ደግሞ ጀምበሬ ጠፋ። ስልክ አያነሣም፤ ሥራ ላይ ሲገናኙም ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ። ብርቅነሽም ኮራች። ለሊቢያ ተመዝግቧል ሲሉ ከሰማች በኋላማ ኩራቷ ሌሊት ሌሊት ትራስ የሚያረጥብ ኩራት ሆነ።

በዚያ ማክሰኞ ዶክተር ኦመር ሠልጣኞቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ። "ዛሬ መጠይቁን እርስ በርሳችሁ ትለማመዱበታላችሁ" አሉ በዐረብኛ። "አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ሽማግሌ። ጎብጣችሁ እንድታስሉልኝ አልፈልግም፤ ቲያትር አይደለም። ዕድሜያችሁ ላይ አርባ አምስት ዓመት ጨምሩ። ሕይወታችሁ አሁን በያዘው መንገድ ቢቀጥል የት እንደምትደርሱ አስባችሁ እውነቱን መልሱ። ጥያቄው የት እንደሚወጋ በራሱ ያላየ ሰው ሌላውን መጠየቅ የለበትም።"

ከዚያ ደንቡን ደገሙላቸው። ጠያቂ የተጻፈውን ያነባል፤ አይጨምርም፣ አያርምም፣ አያጽናናም። ፊቱም እንደ ግድግዳ ይሆናል። "ያላ፣ የዐማርኛዎቹ ቀድሙ" አሉ።

የዐማርኛዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሌሎቹ ቋንቋውን ባይሰሙም ዙሪያቸውን ከበው ያዩ ጀመር። ጀምበሬ ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም ቀርቶበታል። ብርቅነሽ እሱን ላለማየት ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች፤ ግን ጠያቂ የሚጠይቀውን ሰው ማየት አለበትና ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ "እርስዎ" ብላ ልትጠራው ነው።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ሰባ ሁለት።"

"የሚኖሩት የት ነው?"

"ከባሕር ማዶ። ብርድ አገር ነው።"

"ከማን ጋር ይኖራሉ?"

"ብቻዬን።"

"አግብተው ያውቃሉ?"

"አላገባሁም።"

ቀጣዩ ጥያቄ ያላገቡ አረጋውያን ብቻ የሚጠየቁት ነው። ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ አንድም ቀን ከብዷት አያውቅም። "ያላገቡበትን ምክንያት ቢነግሩኝ?"

ጀምበሬ እጆቹን አየ። "ካርቱም ሳለሁ አንዲት ልጅ ነበረች" አለ፣ እውነትም ሩቅ ዘመን እንደሚያስታውስ ሰው ረጋ ብሎ። "ምንም አልነበረኝም፤ ግን ከበዓሉ በኋላ ልቤን ልነግራት ቆርጬ ነበር። በቃና ዘገሊላ ዕለት ሰፈራቸው ደረስኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቄስ አስቀድመው ከቤቷ ሲወጡ አየሁ። ያ ገዛኸኝ የሚባለው የነጋዴ ልጅ፣ አባቱ አብረዋቸው ነበሩ። ከአባቷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሐበሻ ነኝና ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ከበሩ ተመለስኩ።"

ብርቅነሽ ደሟ ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። እነዚያ ሽማግሌዎች የመጡት ለእርሷ አልነበረም። አባቷና የገዛኸኝ አባት በንግድ ተጣልተው፣ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ኖረው፣ ቄሱ በጥምቀት ሰሞን ይቅር አባባሏቸው። ዕርቅ ነበር። ይህን ያህል ቀን የተቃጠለችው፣ እሱም የተቃጠለው፣ ለዕርቅ ነበር። አፏን ከፈተች።

ዶክተር ኦመር ብዕራቸውን ቀና አድርገው ያዩዋታል። አይጨምርም፣ አያርምም፣ አያጽናናም። አፏን ዘጋችና ቀጣዩን አነበበች። "ባለፈው አንድ ሳምንት ብቸኝነት ተሰምቶዎታል? ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ?"

"እንዴት አይሰማኝ።"

"ከአራቱ አንዱን ይምረጡልኝ።"

"ሁልጊዜ።"

ምልክቱን አደረገች። መስመሩ ከሳጥኑ ወጣ።

የመጨረሻው ልኬት የእጅ ጉልበት ነው። ሽማግሌው አንድ ብረት ባለው ኃይል ይጨብጣል፤ ብረቱ የጉልበቱን ልክ ያሳያል። ክንዱ ከጎኑ ተጠግቶ ክርኑ መታጠፍ አለበትና ያንን የሚያስተካክለው ጠያቂው ነው። ብርቅነሽ ክርኑን ያዘች። ባለፉት ወራት በዚያ ሁሉ ሃፍላ ትከሻቸው ተነካክቶ ያውቃል፤ እንዲህ ሆን ብላ ግን ነክታው አታውቅም።

"ይጭመቁ" አለች፣ መመሪያው እንደሚለው። "ይጭመቁ። ይጭመቁ።"

ከዚያ በኋላ "ይልቀቁ" ማለት ነበረባት። አላለችም። ጀምበሬ ዐይኗን እያየ መጭመቁን ቀጠለ፤ የክንዱ ሥር ተገተረ።

"ብርቅነሽ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ በዪው እንጂ" አሉ ዶክተር ኦመር። "ሰውየው ሽማግሌ ነው።" ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷም ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ "ይልቀቁ" አለችው። ለቀቀ። ዶክተር ኦመር ወረቀቱን ሲቀበሏት ዝቅ ብለው፣ "ዐማርኛ አላውቅም" አሏት፤ "ግን ይህ ሽማግሌ መልሶቹን ዛሬ ያዘጋጃቸው አይመስለኝም።" ክርኑን የያዘችበት መዳፏ ገና ይሞቃት ነበር።

*

ከክፍሉ ሲወጡ ከኋላው ሮጣ ደረሰችበት። አጥር ሥር፣ የኒም ዛፍ ጥላ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ እዚያ ዝቅተኛ በርጩማዎች ላይ ተቀመጡ። የየካቲት ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ አቧራ ያመጣል።

"ዕርቅ ነበር" አለችው ገና ሳይደላደል።

"ምኑ?"

"ሽማግሌዎቹ። አባዬና የገዛኸኝ አባት፣ ያዕኒ፣ ተኳርፈው ነበር። ቄሱ አስታረቋቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ገዛኸኝ ዱባይ ነው ያለው፤ እጮኛም አለችው፣ ዋላሂ።"

ጀምበሬ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። "ሦስት ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ያውም በቃና ዘገሊላ" አለ ቀስ ብሎ። "ማን ዕርቅ ነው ብሎ ይጠረጥራል?"

"አትጠይቅም ታዲያ? ሥራህ መጠየቅ አይደል?"

ፈገግ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያየችው ፈገግታ ነበር። "አንቺስ?" አላት። "ለምን ጠፋህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።"

"ሊቢያ ሊሄድ ነው አሉኝ። መጀመሪያም መንገደኛ ነበር፤ እኔ ነኝ ያበድኩት አልኩ።"

"ሐሙስ ነው" አለ ጀምበሬ።

ብርቅነሽ ወዲያው አልገባትም። መነሻው ሐሙስ መሆኑ ሲገባት ሻዩ መረራት። "አሁን እኮ አወቅህ። ማንም አልጠየቀኝም።"

"ማንም አልጠየቀሽም። እኔም አልጠይቅሽም።" ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። "ማንን ልኬ ብርቄ? አጎቶቼ ደብረ ማርቆስ ናቸው። እዚህ የማውቀው አብረውኝ የሚያድሩትን ልጆች ነው። አንዳቸውም የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ፣ የላቸውም፤ ካሻ መጣ ሲባል ፖሊስ እንዳይዛቸው በአጥር የሚዘሉ ናቸው። እነሱን ነጠላ አልብሼ አባትሽ ፊት ላቁም? ሽማግሌ የሌለው ሰው ሚስት አይጠይቅም።"

"አባባ ገብረየስ አሉ። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ።"

"ከምትጠይቋቸው ሰዎች ሻይ እንኳ አትቀበሉ ተብለናል። እኔ አንቺን ጠይቁልኝ ልበላቸው? ዶክተር ቢሰሙ የደከምሽበትን ሁሉ ይጥሉታል። ይህን አላደርግብሽም።"

እውነቱን ነበር። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ባጃጅ የመሰሉት ረክሻዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። በመጨረሻ ጀምበሬ ቀጥታ አያት። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

አትሂድ ልትለው ፈለገች። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አገር ቤት እጁን የሚያዩ እናትና እኅት አሉት፤ ለምኜ ባስቀረውና ነገ ቢቆጨው ብላ ፈራች። ደግሞስ የሐበሻ ሴት ልጅ አፍ አውጥታ እንዲህ ትላለች? ያንን እንደ ግድግዳ ያለ ፊቷን አደረገችና፣ "እኔ ምን እላለሁ" አለችው። "ያንተ ውሳኔ ነው።"

ጀምበሬ ተነሥቶ ብርጭቆውን ለሴትዮዋ መለሰ። "እሺ" አለ። "ኢንሻላህ በደህና ተመረቂ።" አቧራው ውስጥ ከሚተራመሰው ሰው መለየት እስኪያቅታት ድረስ በዐይኗ ሸኘችው፤ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

*

ጀምበሬ በዚያው ቀን ኦምዱርማን ሄዶ አባባ ገብረየስን ተሰናበተ። ሽማግሌ ሰው ደግሞ ስንብት ሲሰማ ምክንያቱን ሳይሰማ አይለቅም። ልጁ ምንም ላለመናገር ምሎ ነበር የገባው፤ ሲወጣ ግን ሁሉንም ተናግሯል። አባባ ገብረየስ አልመከሩትም፤ አልገሠጹትም፤ መርቀው ሸኙት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የእነ ብርቅነሽ በር ተንኳኳ። በኩሽናው መጋረጃ ቀዳዳ ስታይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ሁለቱን ከቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች። ከፊት ያሉት፣ በከዘራ የተደገፉት፣ አባባ ገብረየስ ነበሩ። እጇ ላይ የነበረውን ሳሕን አስቀመጠች።

"ግቡ፣ ግቡ" አሉ አቶ ወልደሥላሴ ተደናግጠው። "ቁጭ በሉ እንጂ።"

"ጉዳያችንን ሳናደርስ አንቀመጥም" አሉ አባባ ገብረየስ።

ወጉ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቃሉን ሳያደርስ ወንበር አይነካም። ባለቤቱም እንግዳ ቆሞ አይቀመጥም። አራት ሸበቶዎች ሳሎን ውስጥ ተፋጠው ቆሙ። ብርቅነሽ ግን የምታየው የአባባ ገብረየስን ጉልበት ብቻ ነበር። ለጥናቱ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሥተው እንዲቀመጡ ጠይቃቸው ታውቃለች፤ አንዴ ተነሥተው ሁለተኛው አቅቷቸው "ይቅርብኝ ልጄ" ብለዋታል። አሁን ሁለት ሃፍላ ቀይረው፣ ድልድይ ተሻግረው መጥተው፣ የሱሪያቸው እግር እየተርገበገበ ቆመዋል። ወንበር ይዛ ልትወጣ ፈለገች፤ ግን ይህን ብታደርግ የቆሙበትን ነገር ታፈርስባቸዋለች።

"ልጅህን ለልጃችን ፈልገን መጣን" አሉ ሽማግሌው።

"ልጃችሁ ማን ነው?"

"ጀምበሬ ይባላል።"

አቶ ወልደሥላሴ ፊታቸው ጠቆረ። "ጋሽ ገብረየስ፣ እርስዎ ልጅ የለዎትም።"

"እስከ ትናንት አልነበረኝም።"

"እሱ ነው የላከዎት?"

"እሱማ ለስንብት ነው የመጣው። መምጣቴን አያውቅም። ራሴን ልኬ መጣሁ፤ እነዚህንም ጎትቼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።"

"ቀለም ቀቢ ነው፤ አይደል?"

"ነው።"

"ወረቀትም የለውም።"

"የለውም። አንተና እኔ ተሰድደን ገዳሪፍ ላይ ስንተዋወቅ ግን ወረቀትህን ያሳየኸኝ አይመስለኝም፣ ወልዴ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል መጣባቸው። አቶ ወልደሥላሴ ሲናገሩ ድምፃቸው የነጋዴ ድምፅ አልነበረም። "ድህነቱን አይደለም የፈራሁት" አሉ። "ድህነትን እኔም አውቀዋለሁ። ልጁ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ብሰጠው ነገ ይዟት ይሻገራል። ባሕሩ ለእነሱ ቢራራላቸው እንኳ ለእኔ አይራራልኝም። እናቷን እዚህ አፈር ቀብሬያለሁ። ከመደብር ስመለስ ቤቴ መብራት በርቶ የማየው እሷ ስላለች ነው። ሌላ ምን አለኝ?"

ብርቅነሽ መጋረጃውን በጡጫዋ ጨበጠች። የስንቱን አዛውንት በር አንኳኩታ ብቻዎን ነዎት ወይ ብላለች። የጥናቱ ደንብ ዘመድ ዘመዱን እንዳይጠይቅ ይከለክላልና አባቷን ጠይቃቸው አታውቅም። እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ ሳይደላት አልቀረም።

"ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ" አሉ አቶ ወልደሥላሴ። "እስከዚያ ልጁ ደጄ አይታይ። እሷም አትፈልገው።"

"ፋሲካ? ጾሙ እንኳ ገና አልገባም። ነገ ሐሙስ መኪናው..."

"ከሱቅ ሊቢያ ገበያ የሚነሣውን መኪና ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጋሽ ገብረየስ። የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ይጠብቅ። እሺም እምቢም አላልኩም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እምቢ አለመባል ትልቅ ነገር ነው፤ ለመጀመሪያ ቀንማ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። አባባ ገብረየስ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ብርቅነሽ ወጣች። አባቷ የቆሙበት ቦታ ቆመዋል። "ሰማሽ?" አሏት።

"ሰማሁ። አባዬ፣ ጥዬህ የምሄድ ይመስልሃል?"

"እኔ እንጃ። አትሂጂ ብዬሽ አላውቅም።"

"ለምን?"

"ለምኜ ያስቀረሁሽ ልጅ እንዳትሆኚ።" ተቀመጡ፤ በአንዴ ያረጁ መሰሏት። "ሞኝነት ነው። ሰው እያረጀ ሲሄድ የሚፈልገውን አለመናገር ልማድ ይሆንበታል። ከዚያ ዝምታውን ሰው እንዲያነብለት ይጠብቃል። እኔ ስንት ዓመት ስጠብቅሽ ኖርኩ።"

ብርቅነሽ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸው ላይ አቀረቀረች። የሰማችው የአባቷን ነገር ነበር፤ ያቃጠላት ግን የራሷም ጭምር ነው። ከኒሙ ዛፍ ሥር የተናገረችውን አስታወሰች። ያንተ ውሳኔ ነው። አባቷን ያስረጃቸውን ነገር እሷ ገና በወጣትነቷ ጀምራዋለች።

ወዲያው ደወለች። ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች። መንገደኞቹን ደላላው በዋዜማው አንድ ግቢ ሰብስቦ ስልካቸውን እንደሚቀበል ኋላ ከሰዎች ሰማች። ኦምዱርማን ሄዳ እንዳትፈልገው ግቢው የት እንደሆነ የሚናገር የለም። በተጨማሪም አባቷ ቃል ሰጥተዋል፤ ሽማግሌዎቹም ተቀብለዋል። የሚናገር አፍ ባገኘች ቀን የሚሰማት አጣች።

*

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ መደብሩ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። አባቷ ለጸሎት ወጥተዋል። አንድ ደንበኛ የጠየቃትን ሰምታ ሌላ ሰጠችው፤ ተመልሶ ሲመጣ "ማሊሽ" ብላ ይቅርታ ጠይቃ ቀየረችለት። መኪናው ከቀትር በፊት እንደሚነሣ ሰምታለች። አሁን ከተማውን ወጥቶ አሸዋው ላይ ይሆናል ብላ እያሰበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

"ብርቄ፣ እኔ ነኝ።"

ከጀርባው የሞተር ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ብርቅነሽ መስመሩ ይቋረጣል ብላ ፈራችና እስትንፋስ ሳትወስድ ጀመረች። "ጀምበሬ፣ እንዳትዘጋ። አባባ ገብረየስ መጡ። ሽማግሌ ሆነው፣ ሦስት ሆነው መጡ። ማንም አልላካቸውም፤ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው ጠየቁኝ። አባዬ እሺም እምቢም አላለም፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አለ። ፋሲካ ሩቅ ነው፤ ያኔም እምቢ ሊል ይችላል። ቃል የምሰጥህ ነገር የለኝም። ግን አትሂድ። ማክሰኞ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ፤ ያንተ ውሳኔ አይደለም፤ የእኔም ነው። እወድሃለሁና አትሂድ።"

ጫጫታው ብቻ ይሰማል። "ትሰማኛለህ?" አለች።

"መኪናው ሄዷል" አለ ጀምበሬ።

"አንተስ? አንተ የት ነህ?"

"ሱቅ ሊቢያ ዳር መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ከሄደ ቆየ። ስም ሲጠሩ ስሜ ደረሰ፤ ዝም አልኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸመኝ። አሁንም ዝም አልኩ። አልፈውኝ ሄዱ።"

ብርቅነሽ አጠገቧ የነበረ የቅመም ጆንያ ላይ ተቀመጠች። "ሽማግሌ መምጣቱን ማን ቀድሞ ነገረህ?"

"ማንም። ይኸው ካንቺ መስማቴ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቀረህ?"

"ባደርንበት ግቢ ሁሉም ስለሚሄድበት አገር ያወራ ነበር" አላት። "እኔ የማስበው ነገር ሁሉ ካርቱም ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰው እንዴት ይሄዳል? ሌላ ሰው ብታገቢ እንኳ ከሩቅ ላይሽ እችላለሁ ብዬ ቀረሁ። ሞኝ በዪኝ።"

አላለችውም። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

"እስከ ፋሲካ አንገናኝም ማለት ነው?" አለ ጀምበሬ።

"አባዬ እንደዚያ ብሏል። እኔም አከብርለታለሁ።"

"እኔም። ለዶክተር ኦመርም ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ለአባባ ገብረየስ ሌላ ጠያቂ ይመደብ።" ድምፁ ራቀና ተመለሰ። "ሰሐራን ለመሻገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም።"

"እኔም አልተዘጋጀሁም።"

ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም። ስልኩ የሰው ነበርና ባለቤቱ በዐረብኛ ሲጨቀጭቀው ይሰማታል። "ያላ፣ ያ ዞል" ይላል ሰውየው። በመጨረሻ መስመሩ ተቋረጠ።

አቶ ወልደሥላሴ ከጸሎት ሲመለሱ ልጃቸውን ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አገኟት። ዐይኗን አዩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ።

"ቀረ?" አሏት።

"ቀረ፣ አባዬ።"

ሄደው አጠገቧ፣ ሌላኛው ጆንያ ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ። እስከ ዛሬ ብርቅነሽ ናፍቆት የሚመጣው ሰው ሲሄድ ብቻ ይመስላት ነበር። ጀምበሬ ቀርቶላታል፤ እዚያው ከተማ፣ ከአንድ ድልድይ ማዶ ነው፤ ስልኩም ገና ከእጇ አልወረደም፤ እሷን ግን ከአሁኑ ናፈቃት።